ሮም ለሚሄድ የእኛ ሰው

ማለዳ ነው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የመጣው ባቡር ተርሚኒ ጣቢያ ገብቶ መንገደኞቹን እያራገፈ ነው። ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ መውጫው ያዘግማሉ። ልትቀበላቸው የመጣችው ልጃቸው የትከሻ ቦርሳቸውን ከጀርባቸው ወደ ደረታቸው ታዞረዋለች። «እማዬ፣ እዚህ ከኋላ የተንጠለጠለ ነገር የባለቤቱ አይደለም» ትላቸዋለች። «እንደ መርካቶ በይኛ!» ይላሉ እናት፤ ተያይዘው እየሳቁ ወደ አደባባዩ ይወጣሉ።

አደባባዩ ሰፊ ነው። አውቶቡሱ፣ ታክሲው፣ ሻንጣ ጎታቹ ይተራመስበታል። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዛፎች መሐል፣ ለእነርሱ መታሰቢያ የተደረገ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የተቀመጠው እዚያው ሥር ነበር። ወጣቱ ዘርአይ ደረስ በ1938 ቁጣውን የገለጠው በዚህ ስፍራ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ መንገደኛው ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ ከአገሩ ታሪክ ጋር ተገናኝቷል፤ ብዙው ሰው ግን ሳያውቀው ያልፋል። ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ሁለት ዝግጅት ያስፈልገዋል። አንደኛው የማንኛውም እንግዳ ዝግጅት ነው፦ ትኬት፣ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ጥንቃቄ። ሁለተኛው የእኛ ብቻ ነው፦ በዚያች ከተማ ድንጋይ ላይ የቀረውን የራሳችንን ታሪክ አውቆ መሄድ። የፊተኛው ገንዘብና ጊዜ ያድናል። የኋለኛው ጉዞውን ከፎቶግራፍ ያሳልፈዋል።

ከመነሳት በፊት

ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛው በ180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ ደግሞ ጉዞው 15 ቀን ሲቀረው ነው። የቀጠሮ ወረፋ ስለሚረዝም ግን ወራት ቀድሞ መጀመር ይሻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ፣ የማረፊያ ማረጋገጫና የገንዘብ አቅም ማስረጃ ይጠየቃል። ደላላ ሠርቶ የሚያመጣልዎትን የባንክ ወረቀት በፍጹም አይቀበሉ። አንድ የተጭበረበረ ሰነድ የአውሮፓን በር ለዓመታት ሊዘጋብዎት ይችላል።

ጊዜ ሲመርጡ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ቢሆን መልካም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። የሮም ጎዳና ደግሞ አብዛኛው ድንጋይ በመሆኑ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። በእኛ ፍልሰታ መካከል፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ ጣሊያኖች ፌራጎስቶ የሚሉትን በዓል ያከብራሉ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ተዘግቶ ባለቤቶቹ ወደ ባሕር ይወርዳሉ።

ሰዓትም ያሳስታል። ትኬቱ ላይ 15:30 ከተባለ በእኛ ከቀኑ 9፡30 ነው። ሮም ከአዲስ አበባ በበጋቸው በአንድ ሰዓት፣ በብርዳቸው ወራት በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስልክዎ በራሱ ቢያስተካክለውም በቃል የሚሰጡትን ቀጠሮ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች አንዳንዴ በእኛ፣ አንዳንዴ በፈረንጁ ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ሁለት ትኬቶችን ከአገር ቤት ሳይወጡ ይቁረጡ፦ ጥንታዊው ስታዲየም የኮሎሴዮንና የቫቲካን ሙዚየሞችን። የኮሎሴዮ ትኬት የሚሸጠው ጎብኚው የሚገባበት ቀን አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ጀምሮ ነው። በስም የሚቆረጥ ስለሆነ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። መደበኛው ዋጋ 18 ዩሮ ሲሆን ፎሮ ሮማኖ የሚባለውን ጥንታዊ የከተማ እምብርትና የፓላቲኖን ኮረብታ ይጨምራል። በበሩ አካባቢ «ያለ ሰልፍ አስገባዎታለሁ» የሚሉ ሻጮች እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ። ትኬት ከተቋሞቹ ይፋዊ ድረ ገጾች ብቻ ይግዙ፤ ዋጋውም ስለሚቀያየር በዚያው ያረጋግጡ።

ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ማረፊያ

ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማ ሦስት ዋና ዋና አማራጮች አሉ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ተርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ሌላው ባቡር 8 ዩሮ ያስከፍላል፤ ተርሚኒ ግን አይገባም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲዬንሴ ጣቢያዎች በኩል ያልፋል። ማረፊያዎ በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ለምን ተርሚኒ ድረስ ይከፍላሉ? ሦስተኛው ነጭ ታክሲ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ጥንታዊው የከተማ ቅጥር ውስጥ ያለው ዋጋ በማዘጋጃ ቤቱ የተተመነ ነው፤ ተመኑም በታክሲው በር ላይ ይጻፋል። አራት ሆነው ለሚሄዱ ቤተሰቦች ዋጋው ከሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ጋር ይቀራረባል። በአዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚልዎትን ሰው አይከተሉ።

በከተማው ውስጥ የ1.50 ዩሮ ትኬት ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ መቀያየርና አንድ ጊዜ ሜትሮ መግባት ይቻላል። የወረቀቱ ትኬት አውቶቡስ ላይ በማሽኑ ካልተመታ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪ ካገኘዎት ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። ወይም የባንክ ካርድዎን ማሽኑ ላይ ያስጠጉ፤ እያንዳንዱ ሰው ግን የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። መኪና አይከራዩ። የመሐል ከተማው አብዛኛው መንገድ ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ነው፤ ካሜራው የያዘው ቅጣት ከወራት በኋላ ቤትዎ ድረስ ይከተልዎታል።

እውነቱን ለመናገር ግን ሮም የእግር ከተማ ናት። ሊያዩት የሚመጡት ነገር አብዛኛው በእግር የሚዳረስ ነው። መንገዱ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ የተለማመዱትን ሸራ ጫማ ያድርጉ። የውሃ ጠርሙስም ይያዙ። ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የተተከሉ፣ ናሶኒ የሚባሉ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስሳሉ። በነጻ ነው፤ ይጠጣል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከማርያም እስከ ቆስጠንጢኖስ

ከተርሚኒ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ሲሄዱ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ይደርሳሉ። ባሲሊካው ለእመቤታችን በሮም ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ነው። በ431 የኤፌሶን ጉባኤ ማርያም ወላዲተ አምላክ መሆኗን ካወጀ በኋላ፣ በዚያው በ430ዎቹ ዓመታት፣ የዛሬው ሕንፃ ታነጸ። ያ ጉባኤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት አንዱ ነው። የመካከለኛው አዳራሽ ላይኛው ግድግዳ አሁንም የአምስተኛውን ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ይዟል። በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም የተቀበሩት እዚሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በስተግራ ባለው የጸሎት ክፍል ከፍ ብላ የተሰቀለችውን የእመቤታችን ሥዕል ልብ ብለው ይዩ። ልጇን ታቅፋ ሁለት እጆቿን ከፊቷ አስተላልፋለች። «ይህችን ሥዕል አውቃታለሁ» ካሉ አልተሳሳቱም። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የዚህችን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው ገብተው ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች ቅጂውን አይተው በራሳቸው ቀለም፣ በራሳቸው ዓይንና በራሳቸው ጥበብ ደጋግመው ሣሉት። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉ ብዙ የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎች ዘር የሚመዘዘው ከዚህች ሥዕል ነው።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ኮሎሴዮ ይወርዳሉ። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን አስጀመረው፤ ልጁ ጥጦስ በ80 አስመረቀው። ጥጦስ ያው በ70 ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ነው፤ ለግንባታው ከዋለው ገንዘብ ከፊሉም ከዚያ ጦርነት ምርኮ የተገኘ ነው። በፎሮ ሮማኖ ጫፍ በቆመው የጥጦስ ቅስት ውስጠኛ ገጽ ላይ ወታደሮች የቤተ መቅደሱን ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው እዚህ ሳይቆም ማለፍ የለበትም።

ከኮሎሴዮ ጎን ያለው ትልቅ ቅስት በ315 የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ነው። መስቀልን የምናከብር ሁሉ ቆስጠንጢኖስንና እናቱን ንግሥት እሌኒን እናውቃለን። እሌኒ በሮም የኖረችበት ቤተ መንግሥት ዛሬ ሳንታ ክሮቼ ኢን ጀሩሳሌሜ የሚባል ባሲሊካ ነው። ከቅዱስ መስቀሉ የተከፈለ ነው ተብሎ የሚከበረው ግማድ በዚያ ይገኛል። በመስከረም አጋማሽ የሚሄድ ምእመን ደመራውን አስቦ ወደዚያ ጎራ ቢል መንገዱ ሩቅ አይደለም።

የአበበ ቢቂላ መንገድ

ሮም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በእግሬ ልሂድ የሚል ኢትዮጵያዊ ይህንን ይሂድ። በሜትሮ ቢ መስመር ከኮሎሴዮ ቀጥሎ ባለው ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው ጣቢያ ይወርዳሉ። ፊት ለፊት የሚታየው ግዙፍ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው በመጀመሪያ የታሰበው ግን ለሌላ ነበር፤ ፋሺስቱ መንግሥት ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ነበር ያስጀመረው። በበሩ ትይዩ፣ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ፣ ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ቆሞ ነበር።

ሐውልቱ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። በ1937 ተጭኖ መጣ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ ፋሺስቶች ወደ ሥልጣን የወጡበት 15ኛ ዓመት ሲከበር፣ በአደባባዩ ተመረቀ። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ከዚያው ቆየ። በ2003 መፍታት ተጀመረ፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 በቦታው ተተክሎ ተመረቀ። ሮም አሥራ ሦስት ጥንታዊ ሐውልቶች በየአደባባዮቿ አቁማለች፤ ብዙዎቹ ከግብፅ የተጫኑ ናቸው። ወደ አገሩ የተመለሰው የእኛው ነው። ይህ በጸሎትና በምኞት ብቻ አልሆነም፤ በዲፕሎማቶች፣ በምሁራን፣ በሰላማዊ ሰልፈኞችና ፊርማ በሚያሰባስቡ ዜጎች የብዙ ዓመታት ውትወታ ነው።

አሁን ፊትዎን ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያዙሩና ሳን ግሬጎሪዮ የሚባለውን መንገድ ይያዙ። በሁለቱም ወገን ትልልቅ ዛፎች አሉበት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በዚህ መንገድ በባዶ እግሩ መጣ። የኦሊምፒክ ማራቶን ውድድሩ ከሙቀቱ ለመሸሽ ሲል ከሰዓት በኋላ በካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተጀምሮ ነበር። አፒያ በሚባለው ጥንታዊ ጎዳና ላይ ሲደርሱ ጨልሞ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ሮጠ። አበበ ጥሎት የወጣው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ፈጣኑ በነበረው ሰዓት፣ ቅስቱ ሥር ገባ።

ሞሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከፒያሳ ቬኔሲያ ሰገነት ሆኖ «ኢምፓየር» ያወጀባት ከተማ ይህችው ናት። ሰገነቱ አሁንም አለ፤ ከቅስቱ ተነስቶ ፎሪ ኢምፔሪያሊ የሚባለውን ጎዳና ይዞ ለሚሄድ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሁለቱን ስፍራ በአንድ ቀን ያያቸው ኢትዮጵያዊ የሃያ አራት ዓመት ታሪክ በእግሩ ተራመደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ቫቲካን

ቫቲካን 44 ሄክታር ያህል ስፋት ያላት፣ በ1929ኙ የላቴራኖ ስምምነት ነጻ መንግሥት የሆነች ከተማ ናት። በሜትሮ ኤ መስመር ኦታቪያኖ ይወርዳሉ። ሙዚየሞቹን ማለዳ ይጀምሩ፤ መጨረሻው የሲስቲን ጸሎት ቤት ነው። ማይክል አንጀሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512፣ የፍርድ ቀንን የሚያሳየውን ግድግዳ ደግሞ ከ1536 እስከ 1541 ሣለ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስልክዎን ከተው አንገትዎን ቀና ያድርጉ። እሑድ ሙዚየሞቹ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ግን በነጻ ስለሚከፈቱ ሰልፉ ይበረታል።

ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግባት በነጻ ነው፤ ሰልፉ የፍተሻ ነው። ወደ ጉልላቱ መውጣት 551 ደረጃ አለው፤ ልብና ጉልበት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች አይመከርም። ትከሻና ጉልበት ያልተሸፈነ ሰው በር ላይ ይመለሳል። ለዚህ የእኛ ነጠላ የተመቸ ነው፤ አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይያዙት። ጫማ ማውለቅ ግን አያስፈልግም።

ከባሲሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይገኛል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ አድርገው ሰጡት። ከአገራቸው በእግር፣ በኢየሩሳሌም በኩል፣ ዓመታት ተጉዘው የመጡ መነኮሳት ያረፉት እዚህ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከእነርሱ ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ1649 የአምሐራው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙትም በሮም ነው። ከዚያ ወዳጅነት አውሮፓ የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አገኘች። የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚባለው የካህናት ማሠልጠኛ ዛሬም በዚያው ቅጥር ውስጥ አለ።

ስፍራው ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ባይገኝም እንኳ ከጉልላቱ አናት ላይ ሆኖ ወደ ቫቲካን የአትክልት ስፍራ ቁልቁል ለሚያይ ሰው አካባቢው ይታያል። አያቶቻችን ሮምን ያወቋት በአውሮፕላን ዘመን አይደለም።

ሦስተኛው ቀን፦ መሐል ከተማ

ፓንቴዎንን በማለዳ ይዩት። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሳይፈርስ ቆየ። የጉልላቱ ወርድ 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል ነው። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ ከተሠሩ ጉልላቶች ዛሬም የሚስተካከለው የለም። ብርሃን የሚገባው አናቱ ላይ ባለው ክብ ክፍት ነው፤ ዝናብም በዚያው ይገባል፣ ወለሉ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎችም ይወርዳል። ለጎብኚ መግቢያው 5 ዩሮ ነው።

ውስጡ ከሠዓሊው ራፋኤል ሌላ ሁለት የጣሊያን ነገሥታት ተቀብረዋል። አንደኛው ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእርሱ ዘመን ነው፤ ጦሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል የሆነውም በእርሱ ዘመን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞንሳ ከተማ ላይ በጥይት ተገደለ። መቃብሩ ፊት ሲቆሙ በጸጥታና በአክብሮት ይሁን፤ ስፍራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩን ለልጆች ለመንገር ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ ወደ ትሬቪ ፏፏቴ ይሻገራሉ። በ1762 የተጠናቀቀው ይህ ሥራ ውሃውን የሚያገኘው በ19 ዓመተ ዓለም ከተዘረጋው የአግሪጳ የውሃ መስመር ነው፤ በፓንቴዎን ግንባር ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈውም ይኸው አግሪጳ ነው። የስፔን ደረጃዎች በሚባለው ስፍራ ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼሲ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን የካራቫጆን የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ለምሳ ያውሉት።

ቡና፣ ምግብና ጾም

ቡና ቤት ገብተው ባንኮኒው ላይ ቆመው ማኪያቶ ቢጠጡ አንድ ዩሮ ከምናምን ይከፍላሉ። በታዋቂ አደባባይ ዳር ወንበር ስበው ከተቀመጡ ያው ማኪያቶ ሦስት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤቶች መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ከፍለው ደረሰኙን ለባሬስታው ያሳያሉ።

አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሙስሊምም እዚህ ጠንቀቅ ይበል። ሮማውያን የሚኮሩባቸው ካርቦናራ፣ አማትሪቻና እና ግሪቻ የሚባሉት ፓስታዎች ሁሉ ጓንቻሌ ይገባባቸዋል፤ ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው። «ሴንዛ ማያሌ» ማለትን ይልመዱ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለው ፓስታ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። በቀድሞው የአይሁድ ሰፈር ያሉት ኮሸር ምግብ ቤቶች አሳማ ጨርሶ አይሠሩም፤ በዘይት የሚጠበሰው አርቲቾካቸውም የታወቀ ነው። ሙስሊም ተጓዦች ደግሞ በ1995 የተከፈተውን የሮምን ታላቅ መስጊድ ያያሉ፤ በአውሮፓ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ጾመኛ አይራብም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ አል ፖሞዶሮ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰ ጎመን መሰል ቺኮሪያ፣ ሽንብራ ያለው ፓስታ በየሰፈሩ አለ። ፓስታው እንቁላል እንደሌለበት አረጋግጠው፣ አይብ እንዳይነሰነስበት አስቀድመው ይጠይቁ። እንጀራ ሲያምርዎት በተርሚኒ ጣቢያ ምሥራቅ ያሉት መንገዶች የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሏቸው። በፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ያለው የኤስኩዊሊኖ ገበያም ከአፍሪካና ከእስያ የመጣ ቅመም ይሸጣል።

እዚያ ለሚኖሩ የአገር ልጆችም ያስቡላቸው። ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ እንደ ቆየው የጣሊያን ልማድ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ዘመድ ጥየቃውን ለእነዚያ ሰዓታት ያቆዩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ቀርተው እንዲያዞሩዎት መጠበቅ እንጀራቸውን ማሳጣት ነው።

ጥንቃቄ

ሮም በአመዛኙ ሰላማዊ ከተማ ናት፤ ዋናው ችግር ኪስ አውላቂ ነው። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና የሜትሮ ኤ መስመር በዚህ ይታወቃሉ። በር ሊዘጋ ሲል የሚገፉ፣ ካርታ ዘርግተው የሚጠይቁ፣ ልብስዎ ላይ ነገር ፈሰሰ ብለው የሚጠርጉልዎት ሰዎች ሲያጋጥሙ እጅዎን ቦርሳዎ ላይ ያድርጉ። «አፍሪካ፣ ወንድሜ!» ብሎ ክር እጅዎ ላይ የሚያስር ሰው በመጨረሻ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እጅዎን ሳይሰጡት ፈገግ ብለው ይለፉ። የፓስፖርትዎን ፎቶ በስልክዎም፣ ቤተሰብዎ ጋም ያስቀምጡ። አደጋ ከመጣ 112 ይደውሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ስርቆት ግን መንገደኛው ራሱ በራሱ ላይ የሚፈጽመው ነው፦ በአንድ ቀን አሥር ቦታ ለማየት መሮጥ። በቀን ሁለት ታላላቅ ነገር ይበቃል። ሦስት ሙሉ ቀን ላለው ሰው ከላይ የተዘረዘረው በቂ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ይያዝ፣ ቫቲካንን ለሌላ ጊዜ ይተው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፖርታ ካፔና ላይ አቁሟቸው። ሐውልቱ እንዴት እንደተወሰደ፣ ማን ተሟግቶ እንዳስመለሰው፣ አበበም በዚያ በኩል እንዴት እንዳለፈ ንገሯቸው። ስትመለሱም እንደ ገና አንድ ጉዞ አቅዱ፤ ወደ አክሱም ሂዱና ሐውልቱን በተተከለበት ምድር እዩት። ባዶውን ስፍራ ሮም ላይ አይቶ ድንጋዩን አክሱም ላይ ሳያይ የቀረ ኢትዮጵያዊ ጉዞውን ገና አልጨረሰም።